በጃንዋሪ የተጻፈ መግሪብ

እሑድ፣ ጁላይ 14

ዛሬ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ በደቡቡ ሆስፒታል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጊንጥ መርዝ ሞተች። ስሟ ኑሰይባ ነው። የእኛ መድኃኒት አልተሰጣትም።

ነርሷ ሳልሓ የቅጹን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። የተነደፈችበት ሰዓት፦ አሥራ አንድ ከአርባ። ሆስፒታል የደረሰችበት፦ ምሽት አራት ከሃምሳ። ያለፈው ጊዜ፦ አምስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። አዲሱን የመርዝ ማርከሻ በምንሞክርበት ጥናት ደንብ ታማሚ የሚገባው በተነደፈ በአራት ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ብቻ ነው። ስለዚህ ኑሰይባ አልገባችም። እንደማንኛውም ሰው የተለመደው፣ ከፈረስ ደም የሚሠራው ሴረም ተሰጣት። ቅጹን ሁለት ጊዜ አየሁት። ስህተት የለበትም።

ሳልሓ ስትደውል ድምጿ ደክሞ ነበር።

«አባትየው ‹መግሪብ ላይ ነው› አለኝ፣ ዶክቶራ። ሰንጠረዡን አየሁ፤ ሰንጠረዡ ያለውን ጻፍኩ።»

«በትክክል ነው የሠራሽው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

«ታዲያ ምንድን ነው የጠየቅሽኝ?»

ከኋላዋ የሰው ለቅሶ ይሰማ ነበር። ከዚያ «የጊንጡን ጠርሙስ ከማክሰኞው መኪና ጋር እልካለሁ» ብላ ዘጋች።

ብትገባም ኖሮ ዕጣዋ ግማሽ በግማሽ ነበር። ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ የተለመደውን ያገኛሉ። አዲሱ ይሥራ አይሥራም ገና አልተረጋገጠም። ይህን የምጽፈው ነገሩ በቅደም ተከተሉ እንዲቀመጥ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

ጠርሙሱ መጣ። በደቡብ ቤተሰቡ ጊንጡን ገድሎ ይዞ ነው ሆስፒታል የሚደርሰው፤ እኛም ዝርያውን ለመለየት እንፈልገዋለን። ሸድሊ ተቀብሎ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ደረደረው። ሸድሊ በላቦራቶሪያችን የጊንጦቹን መርዝ የሚያልበው ሠራተኛ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልተነደፈም፤ በአፉ የሚናደፈው እሱ ነው።

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «ልጅቷ ከእኛ አይጦች አንዷ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ገብሷን እየቆረጠመች ነበር» አለ።

«አፍህን ዝጋ» አልኩት።

«ዘጋሁ፣ ላላ ዱጃ» አለ፤ ላላ፣ እመቤት፣ የሚለኝ ሲያሾፍ ነው። «እኔ እኮ አይጦቹን ላመሰግን ነው።»

የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። አይጦቹን የምንወጋቸው እኛ ስለሆንን መርዙ የገባበትን ሰከንድ እናውቃለን። ከግመል ደም ያወጣነውን ፕሮቲን በአራት ሰዓት ውስጥ ያገኘ አይጥ ይተርፋል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ያገኘ ይሞታል። አሥራ አንድ ዓመት ሠርተን ያገኘነው እውነት ይህ ነው። በሰው ላይ ግን ሰዓቱን የሚነግረን ሰው ነው። የደቡብ ሰው ደግሞ የሚነግረን በሶላት ነው፤ «ከአስር ሶላት በኋላ»፣ «መግሪብ ላይ»፣ «ሱብሂ ሳይደርስ»። ነርሶቹ እንደየግምታቸው ይጽፉ ነበር። በጃንዋሪ እግሬን ማሞቂያው ላይ አድርጌ ተቀምጬ ያን ሁሉ በአንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ገላገልኩት፤ አምስት ሶላት፣ አምስት ሰዓት። ሲ ረኡፍ፣ አለቃዬና አስተማሪዬ፣ በስብሰባ ላይ ሰንጠረዡን ከፍ አድርጎ «ሕዝቧን የምታውቅ ተመራማሪ ማለት ይህች ናት» አለ። የውጭው ኩባንያ ሰዎች አጨበጨቡ።

ሳልሓ በጁን አንድ ጊዜ የሰንጠረዡን ሰዓት ሰርዛ በእጇ ሌላ ሰዓት ጽፋ ነበር። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ከዚያ ወዲህ ቅጾቹ ንጹሕ ናቸው።

ዓርብ፣ ጁላይ 19

የገለልተኞቹ ገምጋሚዎች የመሃል ውጤት መጣ። እስከ አሁን ከታቀደው ስልሳ ታማሚ ሠላሳ ስምንቱ ገብተዋል። አዲሱን መድኃኒት ካገኙት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስድስቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። የተለመደውን ካገኙት አሥራ ዘጠኝ ሰባቱ።

ስድስትና ሰባት።

ሲ ረኡፍ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አይጥ ይዋሻል» አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ። በኮሪደሩ ሳልፍ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፦ «አይ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። ችግሩ ጎበዝ መሆኗ ብቻ ነው።» ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 24

አርባ ስድስት ዲግሪ በደቡብ። ሁለት ታማሚ ገባ። አንድ ተመለሰ፣ ሰዓት አልፎበት። ሽማግሌ ነው፤ ይድናል አሉ። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ተሠራ። አልበላሁም።

ሳልሓ የምትደውልልኝ የግድ ሲሆን ብቻ ነው። «ቅጹ ተልኳል።» «ጠርሙሱ ተልኳል።» ሌላ ቃል የለም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

በቀትር ዕረፍት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ የኑሰይባን ቅጽ እንደገና አየሁት። ለምን እንደማየው አላውቅም። ሌሎችም ሞተዋል፤ በየዓመቱ ይሞታሉ። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በዚያ ምክንያት ነው።

ምናልባት የሚያስቸግረኝ አባትየው ይሆናል። ልጁ መግሪብ ላይ ተነድፋ አምስት ሰዓት ሙሉ የት ነበር? እንደሌሎቹ መጀመሪያ ወደ ደጋሚ ወስዷት ይሆናል። ክር አስሮላት፣ ቁርኣን አስነብቦላት፣ ሲጨንቀው ወደ እኛ። ይህን ሳስብ ተናደድኩበት። መናደዱም ትንሽ አሳረፈኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10

የአረፋ ጾም ነው። ነገ ዒድ። እማ ቤት ነኝ።

ሾርባውን ከድና፣ ቴምሩን አውጥታ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ራሴን ያመኛል። «ስንት ደቂቃ ቀረው?» አልኳት።

«አሥራ ሁለት። ዛሬ ከትናንት በአንድ ደቂቃ ይቀድማል።» እማ ፊደል አልቆጠረችም፤ የመግሪብን ደቂቃ ግን ዓመቱን ሙሉ በቃሏ ታውቃለች። «አንቺ ልጅ ሳለሽ በብርድ ወራት ስትጾሚ ትዝ ይልሽ የለ? ‹ዛሬ ቶሎ አለቀ› እያልሽ ትጨፍሪ ነበር።»

አዛኑ የተሰማው ማታ አንድ ሰዓት ከአሥራ ስድስት ላይ ነው።

ቴምሩን አልዋጥኩትም። እማ «ምን ሆንሽ? ምነው ቀለምሽ ጠፋ?» አለችኝ። ጾሙ ነው አልኳት።

እሑድ፣ ኦገስት 11

በጉ ታረደ። ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሳቅሁ። ሥጋ አከፋፈልኩ።

በሰንጠረዡ መግሪብ አሥራ አንድ ከአርባ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

ቢሮ ዝግ ነው፤ በራሴ ቁልፍ ገባሁ። የደቡቡን የሶላት ሰዓት ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ አወጣሁ። በጃንዋሪ አጋማሽ መግሪብ፣ አሥራ አንድ ከአርባ። በጁላይ አጋማሽ፣ አንድ ከአርባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ኑሰይባ ሆስፒታል የደረሰችው በተነደፈች በሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው።

ሱብሂ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በጃንዋሪ ንጋት አሥራ ሁለት ከአምስት፤ በጁላይ ሌሊት ዘጠኝ ከአርባ አምስት። ሱብሂ ላይ ተነድፎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው በእኛ ቅጽ ሦስት ሰዓት አልሞላውም፤ በእውነት አምስት ሰዓት አልፎታል። መድኃኒቱ ሊሠራለት የማይችለውን አስገባን። ሊሠራለት የሚችለውን መለስን።

በዚህ አገር መግሪብ ከፀሐይ መጥለቅ ጋር እንደሚንቀሳቀስ የማያውቅ ሰው የለም። ረመዳን በመጣ ቁጥር ደቂቃውን ለቃቅመን የምንቆጥር ሰዎች ነን። እኔ ግን ወረቀት ላይ ስጽፈው የማይንቀሳቀስ መሰለኝ። በጃንዋሪ መስኮቱ ሲጨልም ቀና ብዬ አይቼ የጻፍኩት ይመስለኛል።

ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ወደ ጠርሙሶቹ ሄድኩ። በእያንዳንዱ ላይ የሳልሓ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ስም፣ መንደር፣ ቀን። ከታች በእርሳስ ሰዓት። የቅጹ ሰዓት አይደለም። «ኑሰይባ። መግሪብ፣ 1:40።» ሃምሳ አራት ጠርሙስ፣ ሃምሳ አራት እውነተኛ ሰዓት። ቅጹ ላይ እንዳትጽፍ ስከለክላት ጊንጡ ላይ ጻፈችው። ከወንበሬ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

ለሳልሓ ደወልኩ።

«ስንት ናቸው?» አልኳት። ምን እንደምጠይቅ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«በሰዓት የመለስኩት አሥራ አንድ ሰው ነው። ሰባቱ በእውነተኛው ሰዓት መግባት ነበረባቸው። ከሰባቱ ስድስቱ በፈጣሪ ድነዋል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። «በጁን ምን ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ? አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ላንብብልሽ? ‹ከሰንጠረዡ ውጭ የተጻፈ ሰዓት ተቀባይነት የለውም። ሠራተኛዋ የግል ግምቷን እንዳታስገባ።› ግምት! ፀሐይ ዓይኔ እያየ ስትጠልቅ ግምት?»

«ልትደውዪልኝ ትችዪ ነበር።»

«ደውዬ ነበር። ኑሰይባ የሞተች ጠዋት ደወልኩ። ‹በትክክል ነው የሠራሽው› አልሽኝ።»

አንቺ ማለት ጀምራለች። በዕድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እስከ ዛሬ አንቺ የምላት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ደቡብ ሄጄ መጣሁ። የሄድኩት ሰዓቱን ከአባትየው አፍ ለማረጋገጥ ነው። ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው።

የኑሰይባን አባት ሰው ሁሉ አም ላዝሃር፣ አጎት ላዝሃር፣ ይለዋል፤ ዛፍ እየወጣ ቴምር የሚለቅም ሠራተኛ ነው፤ እጁ እንደ ዛፉ ልጥ ሻክሯል። እርጎና ቴምር አቀረበልኝ። ታላቅ እህቷ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ጫማዎቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ ምስማር ተመትቶላቸው ተሰቅለዋል።

«ሙአዚኑ የመጀመሪያውን ‹አላሁ አክበር› ሲል ነው» አለኝ። «ወደ ውጭ ልትወጣ ጫማዋን አጠለቀች። ጊንጡ ጫማው ውስጥ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«መኪና ያለው ጎረቤታችን አንድ ነው፤ መስጊድ ሰልፍ ገብቶ ነበር። እስኪጨርስ አልጠበቅኩትም። ክንዱን ይዤ ከሶላቱ ጎትቼ አወጣሁት። ሰዎች ‹ሰጋጅ ያቋረጠ› ብለው እስከ ዛሬ ያሙኛል። ይሙኝ። መንገዱ ግን እርስዎም አይተውታል፤ አሸዋው፣ ጎማው ሁለቴ ፈነዳ። ደጋሚም ጋ አልወሰድኳት፤ አያቷ ለምናኝ እምቢ ብያለሁ። በቀጥታ ወደ ሐኪም ብዬ። ደርሰን ነርሷ ወረቀቷን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ፣ ‹ለአዲሱ መድኃኒት ዘግይታችኋል› አለችኝ።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«ዶክቶራ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ስንት ነው የዘገየሁት?»

‹አልዘገዩም› የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ አም ላዝሃር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ጎማውን ማየት ነበረብኝ» አለ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

ለሲ ረኡፍ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«ማን ያውቃል?» የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር።

«እኔና ሳልሓ። ሸድሊም ጠርሙሶቹን ሳያነብ አይቀርም።»

ወንበሩ ላይ ተደግፎ ጣራውን አየ። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ፊቱ በራ።

«ዱጃ ልጄ፣ አንቺ መርዶ ይዤ መጣሁ ብለሽ ነው። ይሄ እኮ የምሥራች ነው! መድኃኒቱ ያልሠራላቸው ሱብሂ ላይ የተነደፉት ከሆኑስ? ዘግይተው የገቡትን እናወጣለን። ሰዓቱን ከጠርሙሶቹ እናርማለን። ለገምጋሚዎቹ እንልካለን። የነርሷ ጽሑፍ በቀኑ የተጻፈ ማስረጃ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።»

«የመለስናቸውስ?»

«የመለስናቸው አልገቡም። በጥናቱ ውስጥ የሌለ ሰው በሪፖርቱ ውስጥ አይኖርም። ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«ኑሰይባ በሦስት ሰዓት ከአሥር ደርሳ ነበር።»

«መድኃኒቱ ያድናት ነበር?»

«አላውቅም።»

«ሳይንቲስት እንዲህ ነው የሚመልሰው። የማታውቂውን ለአባቷ ልትነግሪው ነው? አሁን ያለቀሰውን ሰው እንደገና ልታስለቅሺው?» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «በሰንጠረዡ ላይ የእኔም ፊርማ አለ፣ አትርሺ።»

አልረሳሁም። አስጨብጭቦልኝም ነበር።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

በጁላይ የተቆጠሩት የሠላሳ ስምንቱ ታማሚዎች የታረመ ውጤት ከገምጋሚዎቹ መጣ። አዲሱን መድኃኒት ካገኙት አምስት ሰዎች ዘግይተው ስለገቡ ወጡ፤ ከአምስቱ አራቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት ነበሩ። የቀሩት አሥራ አራት፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት ሁለት። የተለመደውን ካገኙት አሥራ ስድስት ቀሩ፤ የገቡት ስድስት።

ሁለትና ስድስት። ቁጥሩ ገና ትንሽ ነው። ግን ይሠራል ማለት ነው። ይሠራል ሳይሆን አይቀርም።

አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሲ ረኡፍ ኬክ አስመጣ። ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። ሸድሊ ቁራጩን ይዞ አጠገቤ ቆመና በጆሮዬ፣ «ደስ ብሎሻል ወይስ ከፍቶሻል? ፊትሽን አይቼ ልወስን ብዬ ነው» አለኝ።

መድኃኒቱ ባይሠራ ኖሮ ኑሰይባን መመለሴ ምንም አያጎድልባትም ነበር። ከዒድ ወዲህ ስንት ቀን ‹ባይሠራ› እያልኩ እንደተመኘሁ ዛሬ ገባኝ። ይህን ማንም አያነበውም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

አዲስ ሰንጠረዥ ተሠራ፤ ለእያንዳንዱ ቀን የየራሱ ሰዓት። ሳልሓ አንድ ቃል ላከች፦ «ደረሰን።»

በታረመው ሪፖርት ውስጥ የሰባቱ ስም የለም። ሦስት ጊዜ ፈለግኩ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በራሴ ስም ደብዳቤ አስገባሁ። ሰባቱ ስሞች፣ ሰዓቶቹ፣ ሰንጠረዡን ማን እንደጻፈው፣ የጁኑ ማስጠንቀቂያ ግልባጭ። ሲ ረኡፍ ያወቀው በምሳ ሰዓት ነው። ከኔ ጠረጴዛ ተነሥቶ ሌላ ጠረጴዛ ተቀመጠ።

ጸሐፊዋ የስብሰባውን አጀንዳ ላከችልኝ። ተራ ቁጥር አንድ፦ የታረመው መረጃ ተቀባይነትና የጥናቱ መቀጠል። ተራ ቁጥር ሁለት፦ ጉዳዩ ለሰባቱ ቤተሰቦች ይነገር ወይስ አይነገር። ኮሚቴው ጥናቱን ካቆመው የዘንድሮ የጊንጥ ወራት ያልቃል፤ ኩባንያውም እስከሚቀጥለው ዓመት አይጠብቅም።

ለሳልሓ ነገርኳት። ትደሰታለች ብዬ ነበር።

«ለላዝሃር ለመንገር ኮሚቴ ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ።

«ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፣ ሲስተር።»

«ሥርዓቱን እኔም አውቀዋለሁ። ሥርዓቱን ይዤ ነው ‹ዘግይታችኋል› ያልኩት። ቤቱ ሄጄ ልነግረው ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ከአንቺ አፍ ይስማው ብዬ ተመለስኩ። ስልኩ እኮ አለሽ።»

አለኝ። ከኑሰይባ ቅጽ ላይ፣ ከገጹ ግርጌ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21

ዛሬ ራሱ አም ላዝሃር ደወለ። ስሙን በስክሪኑ ላይ ሳይ ሳልሓ የነገረችው መሰለኝ። አልነገረችውም።

የቴምሩ ምርት እንደደረሰ፣ በመጀመሪያው መኪና አንድ ዘለላ እንደሚልክልኝ ሊነግረኝ ነው። ቤቱ ድረስ መጥቼ ስለጠየቅኩት። ጎረቤቱም ታርቆታል።

«አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት» አለ። «የእጅ ሰዓት አሰርኩ። በዕድሜዬ አስሬ አላውቅም። ትልቋ ልጅ አለችኝ፣ እርስዎ አይተዋታል። ማንበቡን እሷ ነች ያስተማረችኝ። አላህ አይበለው እንጂ ሁለተኛ አልዘገይም።»

«ጥሩ አደረጉ» አልኩት።

ይህን ነው ያልኩት። ጥሩ አደረጉ።

ከዚያ ጤንነቴን ጠየቀኝ፣ ጤንነቱን ጠየቅኩት፣ ተሰነባበትን። የኑሰይባ ጠርሙስ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሸድሊ ነው ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ምንም ሳይል፣ ያስቀመጠልኝ። የእርሳሱ ጽሑፍ መፍዘዝ ጀምሯል፤ ግን ይነበባል።

ኮሚቴው ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል።